«እንዳትወረውሩት!»

ፍራንክፈርትን የሚያውቃት ሐበሻ ብዙ ነው። ሆኖም አብዛኛው የሚያውቃት በሁለት በሮቿ በኩል ብቻ ነው። አንደኛው አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አገር ቤት የሚያልፍ መንገደኛ ሻንጣውን ተንተርሶ ጥቂት ሰዓት ያንቀላፋበታል። ሁለተኛው ዋናው ባቡር ጣቢያ ነው። ከጣቢያው በፊት ለፊት በር የወጣ ሰው የካይዘርን ጎዳና ይዞ ወደ ባንኮቹ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ያቀናል፤ የኮመርስባንክን 259 ሜትር ግንብ አንጋጦ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከጣቢያው ጀርባ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ የምኖረው እዚያ ጀርባው ላይ ነው። ሰፈሩ ጋሉስ ይባላል።

ጋሉስ ከጥንትም የሠራተኛ ሰፈር ነው። ብስክሌት፣ የጽሕፈት መኪናና አውቶሞቢል ያመርት የነበረው የአድለር ፋብሪካ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። ያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የእስረኞች ካምፕ ሆኖ፣ ከየአገሩ የተጋዙ ሰዎች በረሀብና በግዳጅ ሥራ ያለቁበት ነው። በዚሁ ሰፈር ባለው የጋሉስ አዳራሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1965 የአውሽቪትስ ችሎት ተሰይሞበታል። በዚያው ዘመን ጣልያኑም፣ ቱርኩም፣ ዩጎዝላቩም ለሥራ እየመጣ ሰፈረበት፤ እኛም በተራችን ሻንጣችንን ይዘን ገባን። አሁን ደግሞ ከሰፈሩ ጎን፣ የድሮው የዕቃ ባቡር ጣቢያ በነበረበት ሜዳ ላይ «የአውሮፓ ሰፈር» የሚሉት አዲስ ከተማ በቅሎ፣ የቤት ኪራዩ ወፍ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ወጥቷል።

ወፍ ካነሣሁ ዘንድ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የምኖርበት ቤት ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው። ከኋላው ግቢ አለው፤ በግቢው ውስጥ ብስክሌቶች፣ አንድ ያረጀ ዛፍ፣ እንዲሁም ጀርመኖች ከሃይማኖት ለይተው የማያዩዋቸው ባለ ልዩ ልዩ ቀለም የቆሻሻ በርሜሎች ተደርድረዋል። በየዓመቱ ሜይ ሲጠባ በዚህ ግቢ ሰማይ ላይ አንድ ጩኸት ይሰማል። ቀጭን፣ የሚሰነጥቅ፣ ፉጨት መሰል ጩኸት ነው። ጭራቸው የተሰነጠቀ፣ ክንፋቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጥላሸት የመሰሉ ወፎች በቡድን ሆነው በጣራው ጠርዝ ሥር ሽው ብለው ያልፋሉ። ጀርመኖቹ ማወርዜግለር ይሏቸዋል፤ «የግንብ ተንሳፋፊ» እንደማለት ነው። ኦገስት ሲብት ግቢው ጭር ይላል። ሄደዋል ማለት ነው።

የእነዚህ ወፎች ነገር ለሰሚው ግራ ነው። አንዷ የምትመዝነው 40 ግራም ገደማ ነው፤ እፍኝ ጥሬ ቡና ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ክንፏን ስትዘረጋ 40 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። እግሯ ለስሙ ያህል ነው። አራቱም ጣቶቿ ወደ ፊት ስለሚዞሩ እንደ ድንቢጥ ቅርንጫፍ ላይ አትቆምም፤ ግንብ ላይ ተንጠልጥላ ትይዛለች እንጂ። የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወፎቹ ጀርባ ላይ ትንንሽ መመዝገቢያ አስረው ሲከታተሉ፣ አንዳንዶቹ አሥር ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ሳያርፉ እንደቆዩ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቀዋል። መብሉ፣ መጠጡ፣ እንቅልፉ ሁሉ በአየር ላይ ነው። የሚያርፉት እንቁላል ጥለው ልጅ ለማሳደግ ነው፤ ያንንም የሚያደርጉት በየዓመቱ እዚያችው አምና የነበሩባት ቀዳዳ ተመልሰው ነው። እኛ ሰዎች ለአንዲት ቀዳዳ እንዲህ ታማኝ መሆናችንን እንጃ።

ባለፈው ጁላይ ከተማችን በሙቀት ስትቀቀል ሰነበተች። እንዲህ ባለው ጊዜ ከጣራ ሥር ያለ ጎጆ ምድጃ ይሆናል፤ ገና ያልጠኑ ጫጩቶች አየር ፍለጋ ወደ ጠርዙ ይወጡና ይወድቃሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከግቢው ሲጣሩ ሰማሁና ወረድኩ።

ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። ከምድር ቤት የሚኖሩ፣ ሰባውን ያለፉ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው የመጡ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅዳሜና እሁድ እሳቸው ዘንድ የሚያድር የእህታቸው ልጅ አለ። ዕድሜው 20 ነው። በሊቢያና በባሕር በኩል መጥቶ፣ ጥገኝነት ጠይቆ፣ ከከተማው ውጭ ባለ ሃይም ውስጥ ሆኖ መልስ ይጠብቃል። ዝምተኛ ልጅ ነው። ሻይ ሲቀዳም፣ በር ሲከፍትም በግራ እጁ ስለሆነ ጋሼ «ግራኙ» እያሉ ይጠሩታል።

ወፏን ያያት ልጁ ነው። ከቢጫው በርሜል ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ክንፎቿን እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ዘርግታ በደረቷ ተኝታለች። ዓይኗ ትልቅና ጥቁር ነው። አትጮኽም፣ አትሸሽም። ደም የለም። የተሰበረ ነገርም አይታይም።

«ወደ ላይ ወርውራት!» አሉ ጋሼ። «ወፍ አይደለች እንዴ? አየር ሲነካት ትበራለች። እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ ነበር የምናደርገው።»

ጋሼ በልጅነታቸው ከወፍ ጋር የሚገናኙት በወንጭፍ እንደነበር ራሳቸው ስላጫወቱኝ ምስክርነታቸውን በጥርጣሬ ነው የሰማሁት። ልጁ ግን በርከክ ብሎ ወፏን በሰውነቱ ጋረዳት። «ይተዉአት ጋሼ፤ ልቧ ይመታል» አለ። ጋሼ ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሊያነሷት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ጩኸት መጣ።

«ኒሽት ቬርፈን!»

እንዳትወረውሩት ማለቷ ነው። ባለ ድምፅዋ በፖስታ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት ናት፤ እኛ በመካከላችን «እትዬ ሦስተኛ ፎቅ» እንላታለን። ሜይ በመጣ ቁጥር እርሳስና ደብተር ይዛ መስኮቷ ላይ ትቀመጥና ስንት ወፍ ወደ ስንት ቀዳዳ እንደገባ ትጽፋለች። ሥራ የፈታች የምትመስላቸው ሰዎች በሕንፃው ውስጥ ነበሩ። በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ወረደች፤ በእጇ የጫማ ካርቶን ይዛለች።

ነገሩን ያስረዳችን እሷ ናት። የግንብ ተንሳፋፊ መሬት ላይ ከተገኘ አንድ ነገር ሆኗል። ምናልባት ከሜዳ ላይ መነሣት አቅቶት ብቻ ይሆናል። ምናልባት ጫጩት ሆኖ ላባው አላለቀ ይሆናል። ምናልባትም ከመስታወት ተጋጭቶ ከትከሻው ሥር ያለው አጥንት ተሰብሯል፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። ወደ ላይ ቢወረወር ቀድሞ ያልተሰበረውም ሲወድቅ ይሰበራል። ብዙ ሰው በደግነት ወርውሮ ይገድላል።

መቼም ይህች የመወርወር ምክር የእኛም አመል ናት። አዲስ ስደተኛ በመጣ ቁጥር «ይውጣ፣ ይሥራ፣ አየሩ ያለማምደዋል» የማይል ማን አለ? የሚበረው ሲበር «ብለን ነበር» እንላለን። የወደቀውን ግን ማን ይቆጥራል?

ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ አንድ ሙያ ቢኖር ለማላውቀው ሰው ስልክ መደወል ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ለባለሥልጣን ደውዬ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ፤ እዚህ አገር መጥቼ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላም ለየመሥሪያ ቤቱ ደውዬ ተመሳሳይ መልስ በጀርመንኛ ሰምቻለሁ። ስለ ወፏ ስደውል ግን በሦስተኛው ጥሪ ሰው አነሣው። ፍራንክፈርት ውስጥ ለዚህ ወፍ ብቻ የተቋቋመ ክሊኒክ አለ። ለሌላ ወፍ አይደለም፤ ለማወርዜግለር ብቻ። በስልኩ ያለችው ሴት ትእዛዟን ደረደረች፦ ካርቶኑን ለአየር ብሱት፤ ከሥሩ ሶፍት አንጥፉ፤ ክዳኑን ግጠሙና ጨለማና ጸጥታ ካለበት ስፍራ አኑሩት፤ ውኃ በአፏ አታፍስሱ፤ ዳቦም ሆነ የተፈጨ ሥጋ እንዳትሰጡ፤ ቶሎ አምጧት። ጋሼ በዚህ መካከል ፍርፋሪ እንጀራ በሰሐን ይዘው መጥተው ነበር። ቅር ብሏቸው መልሰው ወሰዱት።

በኤስ-ባን ሦስት ሆነን ሄድን። ልጁ ካርቶኑን በግራ እጁ ከደረቱ አስጠግቶ ይዟል። ጋሼ ለወትሮው ባቡር ውስጥ የማይናገሩ ሰው ድንገት ጠየቁ፤ «ለመሆኑ ኦገስት ላይ የት ነው የሚሄዱት?»

«አፍሪካ» አልኩ።

«የትኛው አፍሪካ?»

ይህን ጥያቄ ፈረንጆቹም ለብዙ ዘመን ሲጠይቁት ኖረዋል። ጥንት ወፎች በክረምት ከኩሬ ጭቃ ሥር ተኝተው ይከርማሉ ብለው የሚጽፉ ሊቃውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በምትባል ስፍራ አንድ ሽመላ ተተኩሶ ሲወርድ፣ አንገቱ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጦር ተሰክቶ ተገኘ። እንጨቱ ሲመረመር ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ሆነ። ወፉ አንድ አፍሪካዊ አዳኝ የወረወረውን ጦር በአንገቱ ተሸክሞ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሯል ማለት ነው። እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ደርቆ ይታያል። ለፈረንጆቹ የአፍሪካን መግቢያ ቪዛ ያሳያቸው ያ ጦር ነው።

ጋሼ ታሪኩን ወደዱት፤ ጥያቄያቸውን ግን አልረሱም። የኛን አገር ሰማይ ይረግጡ እንደሆነ ነው ማወቅ የፈለጉት። እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚህ ከምዕራብ አውሮፓ የሚነሡት አብዛኞቹ በስፔንና በምዕራብ አፍሪካ አድርገው ወደ ኮንጎ ደኖች ነው የሚወርዱት። በሰሜን ሸዋ ገደሎች ላይ፣ በደብረ ሊባኖስ አፋፍ፣ እየጮኹ የሚምዘገዘጉት ዘመዶቻቸው ናቸው እንጂ እነሱ ራሳቸው አይደሉም።

«እንግዲያ ኮንጎ ለምትሄድ ወፍ ነው የምደክመው?» አሉ ጋሼ።

ልጁ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። ባሕሩ ላይ በሁለተኛው ቀን አንዲት ትንሽ ወፍ ጀልባዋ ላይ አርፋ ነበር አለ። ምን ዓይነት እንደሆነች አያውቅም። ደክሟት ከአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የሚጠጣ ውኃ አልቆባቸው ነበርና የሚሰጣት አልነበራቸውም። «ሲነጋ የለችም» አለና ዝም አለ። እኛም አልጠየቅነውም።

ክሊኒኩ ሰው እንደሚጠብቀው ሆስፒታል አይደለም። ክፍል ሙሉ ወፍ ነው፤ ሙቀቱ ያወረዳቸው ጫጩቶች በየሣጥኑ ጎን ለጎን ተኝተዋል። በጎ ፈቃደኞቹ በመቆንጠጫ ፌንጣ መሰል ነፍሳትን አንድ በአንድ ያጎርሷቸዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰው በሚሰጠው መዋጮ ነው። ላባው የተሰበረ ወፍ ካለ፣ ከሞተ ወፍ የተወሰደ ላባ በቀጭን ዘንግ ይቀጥሉለታል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

የኛዋ በግንባሯ ላይ ባለው ነጣ ያለ የላባ ጠርዝ የዘንድሮ ልጅ መሆኗ ታወቀ። ሚዛን ላይ ስትወጣ 27 ግራም ሆነች፤ ለመብረር ከ40 የማያንስ ያስፈልጋታል። ከዚያም ራጅ አነሷት። ስሟን፣ አገሯን፣ መታወቂያዋን የጠየቀ የለም፤ ያለ ወረቀት ራጅ ተነሣች። የተሰበረ አጥንት የለም ተባለ። የቀራት መብላትና መጠንከር ብቻ ነው።

ሐኪሟ የራጁን ሥዕል መብራት ላይ አድርጋ የትከሻውን ቦታ በጣቷ አሳየችን። ከሌላ የተሰበረ ወፍ ሥዕል ጋር አስተያየችው፤ ልዩነቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ልጁ ሁለቱን ሥዕሎች ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ በአማርኛ፣ ወደ ሥዕሉ እያየ፣

«ጋሼ፣ እኔ ግራኝ አይደለሁም» አለ።

ጋሼ አልገባቸውም።

«ሊቢያ ነው። ቀኙ ከዚህ በላይ አይነሣም።» እጁን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ዓመት ሙሉ ከቤቴ ስትገባ ስትወጣ ለምን አልነገርከኝም?»

«የታመመ ሰው ቶሎ ይመልሳሉ አሉኝ። ሃይም ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

በየሃይሙ የሚናፈሰውን ወሬ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ይህኛው ግን ጉዳት ያደርሳልና ልናገር። በዚህ አገር ሕመሙን የደበቀ የሚያተርፈው ነገር የለም። የጥገኝነት ጠያቂዎች ድጋፍ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን፣ ሕክምናን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያጠበውም፣ አጣዳፊ ሕመምንና ስቃይን ማከም ግዴታ ነው ይላል። ሕመም በውሳኔው ላይ ክብደት የሚኖረው ደግሞ ሐኪም መርምሮ በዝርዝር ሲጽፈው ነው። በአፍ የተነገረ፣ ይልቁንም ያልተነገረ ስብራት፣ በመዝገቡ ላይ የለም ማለት ነው። ልጁ በኢንተርቪው ጊዜ ስለ ትከሻው አንዲት ቃል አልተናገረም። ሰኞ ዕለት ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ራጅ አለ?» የሚል ነበር።

የወፏን ወሬ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ልጁ ራሱ ሆነ። መጀመሪያ እኔ ልደውልለት ብል እምቢ አለ። በጀርመንኛ የደወለው የመጀመሪያ ስልክ ለክሊኒኩ ነው። የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፎ ይለማመዳል፤ ቁጥሩን ይናገራል፤ «33 ግራም» ይሉታል፤ እየሮጠ መጥቶ ለጋሼ ይነግራል። ጋሼም «ኮንጎዋ እንዴት ሰነበተች?» ማለት ልማድ አደረጉ።

በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ትለቀቃለችና ኑ አሉን። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የተጎዳ የዱር እንስሳ አንሥተህ ማሳከም ትችላለህ፣ ሲድን ግን ወዲያው ትለቀዋለህ። ከከተማው ጠርዝ፣ ዛፍና ሽቦ የሌለበት ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ ወፏን በተዘረጋ መዳፏ ላይ አስቀምጣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። አልወረወረችም። ወፏ ለረዥም ጊዜ ምንም አላደረገችም። ከዚያ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሞተር የሚሞቅ ይመስላል። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። እጇ የዛለው ሴትዮ በሌላ እጇ ክንዷን ደገፈች። እኔ እንኳ የምትበር አልመሰለኝም ነበር። ድንገት ከመዳፉ ወረደች፣ ሣሩን ልትነካ ምንም አልቀራት፣ ከዚያ ቀና ብላ ከእኛ ራስ በላይ አንድ ጊዜ ዞረችና ወደ ማይን ወንዝ አቅጣጫ ሄደች። ለእነዚህ ወፎች መንገድ የሚያሳያቸው የለም፤ ወላጆቻቸው ቀድመው ሄደዋል። ያቺ ቀን የመጀመሪያ በረራዋ ናት፤ እግሯ እንደገና አንድ ነገር የሚነካው ደግሞ ምናልባት ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

የት እንደምታርፍ ያሳሰበው ያው እትዬ ሦስተኛ ፎቅን ነው። አከራያችን የሆነው ድርጅት የሕንፃውን ግድግዳ በሙቀት መከላከያ ሊሸፍን፣ ቀዳዳውን ሁሉ ሊደፍን ደብዳቤ ልኮልን ነበር። ኪራዩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ የእነዚህን ወፎች ጎጆ ማጥፋትን ይከለክላል፤ ማስረጃ ግን ይጠይቃል። የሃያ ሁለት ዓመት ደብተሯን አቀረበች። በየትኛው ቀዳዳ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ስንት ወፍ እንደገባ ተጽፏል። ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው፤ የደብተሩን ገጾች ደግሞ ልጁ ፎቶ አነሣ። የከተማው ባለሥልጣን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምትክ ጎጆ እንዲሰቀል አዘዘ። ኪራዩን በተመለከተ ያዘዘው ነገር የለም።

አሁን ሴፕቴምበር ነው፤ የግንበኞቹ መወጣጫ ቆሟል። ከጣራው ጠርዝ ሥር ስድስት የእንጨት ሣጥኖች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዳቸው በጣት የምትለካ ሞላላ ቀዳዳ አላቸው። ጋሼ ከታች ሆነው ሲያዩአቸው «ኪራይ የማይጨመርባቸው እነዚህ ብቻ ናቸው» አሉ። ልጁ የአጥንት ሐኪም ዘንድ የተቀጠረው ለኦክቶበር ነው። አጥንቱ ያለ ቦታው ገጥሟል ተብሏል፤ ይቀደድ አይቀደድ የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው። ጋሼ አብረው ይሄዳሉ፤ ለማስተርጎም እኔ አለሁ። «ግራኙ» ማለታቸውን ትተዋል፤ በስሙ ነው የሚጠሩት።